ዝግተኛው መርማሪ ያልጠየቀው ሰው

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለወንድምዓለም፣ በሩቅ አገር ለምትኖረው።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያቺ ጣሪያዋ የሚያፈስ ክፍልህስ? እኛ ደህና ነን። ያለህበት ደጅ ይስፋልህ፣ የምታነሳው ሁሉ ይቅለልህ፣ ክፉ ወሬ መንገድ ይሳትህ።

ሰባተኛው መጽሐፍህ ሐሙስ ከማሽን ወጣ። የቀለሙ ሽታ ገና ከልብሴ አልለቀቀም። እንደ ልማዴ ያረምኩት ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ነው። አንተ በዚህ ትስቅብኛለህ፤ እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኜ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ታሪክ ተከትሎ የሚሄድ ዓይን ስሕተት እንደማያይ ነው። ታሪኩ ይዞት ይነጉዳል። ከኋላ ሲመጡ ግን እያንዳንዱ ቃል ብቻውን ቆሞ ይጠብቃል። "ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው" ብሎ የተረተው ሰው አራሚ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ባንተ መጻሕፍት ውስጥ ገዳዩን የማውቀው ገና ስጀምር ነው። ከዚያ ገጽ በገጽ ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ ሰውዬው ቀስ በቀስ ንጹሕ ሲሆን አያለሁ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ስደርስ ማንም ምንም አላደረገም። ይሄ ደስ ይለኛል።

ለአባባ የማነብላቸው ግን በወጉ ከፊት ነው። የዓይን ሞራው ሁለቱንም ዓይናቸውን ዘግቷቸዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ በዚህ ልባቸው ቀዶ ጥገና አይታሰብም ብሏል። ከሥራ ስመለስ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይጠብቁኛል። "ዛሬ ዝግተኛው የት ደረሰ?" ነው የመጀመሪያ ቃላቸው። ሳይጠይቅ በፊት ይቅርታ የሚለውን፣ ጥፋተኛውን ባገኘ ቁጥር ሁለት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛውን መርማሪህን ከእኔ አብልጠው ይወዱታል። "ይሄ ሰውዬ እኛ መዝገብ ቤት ቢቀጠር ያምርበት ነበር" ይላሉ።

ሰባተኛውን ስንጨርስ ግን መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው ሽፋኑን በጣታቸው ዳሰሱ። ቆይተው "ስምንተኛው መቼ ነው?" አሉኝ። የመጨረሻው እንደሆነና መርማሪው ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው የኖረውን መዝገብ እንደሚከፍት ከሽፋኑ ጀርባ ተጽፏል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። "እሱን ሳልሰማ እንዳልሄድ" አሉ። የሚሉት ከእጃቸው ስለጠፋው ፋይል እንደሆነ ገብቶኛል። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ስሙ ያልተጠራ ነገር ነው፤ እኔም ዛሬ እዚህ ላይ ልተወው።

ገንዘብ አትላክ፤ ያለፈው አልተነካም። ስምንተኛውን ላክ። እናትህ ሞታ አባባ ይዘውህ ሲመጡ አምስት ዓመትህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የአክስቴ ልጅ ብዬህ አላውቅም። የወንድም ልመና አድርገህ ቁጠረው።

አራሚዋ እህትህ


ኅዳር 19 ቀን

ይድረስ ለእህትዓለም፣ ስሕተት ለማያመልጣት።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፖስታውን ሳልከፍት ግማሽ ቀን በኪሴ ይዤው ዋልኩ። የአንቺ ጤና ይብዛ፤ አባባ ያሉበት ወንበር አይጉደል፤ ቤታችሁ የሚገባ ሁሉ በሰላም ይግባ።

ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ሥራዬም ያው ነው፤ ባቡር ጣቢያው ሥር፣ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል። ከላይ ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ትንሽ ይነቃነቅና መልሶ ይተኛል። ዛሬ የገባውን ልንገርሽ፦ አሥራ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ክራር የምታህል ሣጥን ሙሉ የሸክላ ማንኪያ፣ ደግሞ አንድ እግር ጫማ። ሁልጊዜ አንድ እግር ነው የሚመጣው። ሰው እንዴት አድርጎ በባዶ አንድ እግሩ ከባቡር ወርዶ ቤቱ እንደሚገባ እስካሁን አልገባኝም።

ደንባችን ጥብቅ ነው። ዕቃዬ ጠፋ የሚል ሰው ሳያየው ሦስት ምልክት መናገር አለበት። ምልክቱን ከተናገረ እንሰጠዋለን፤ እንዴት ጣልከው፣ የት ቆየህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። በፖስታ አንልክም። ራሱ መጥቶ ነው የሚወስደው። አንዳንዱ ዓመት ቆይቶ ይመጣል፤ ጓንቱን ሲያገኝ እንደ ሰው ጨብጦት የሚቆምም አለ።

ስምንተኛውን ጠየቅሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተጣብቄያለሁ። ዝግተኛው ደረጃውን ወጥቶ በሩ ጋ ደርሷል። ሊያንኳኳ እጁን አንስቷል። በዚያው ቆሟል፤ አራት ወሩ። ስበላ ቆሟል፣ ስሠራ ቆሟል፤ አሳዝኖኝ "እስኪ እጅህን እንኳ አውርድ" እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በሕልሜ ከእኔ ባንኮኒ ፊት ተሰልፎ አየሁት። ተራው ሲደርስ "ምን ጠፋብህ?" አልኩት። ምልክቱን መናገር አቃተው። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆይቶ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። ስነቃ እኔም ምን እንደጠፋበት አላውቅም ነበር።

ለአባባ ዘጠኝ መነጽር ልኬአለሁ። ባለቤቶቻቸው ዓመት ቆይተው መጥተው፣ ሌላ ገዝተናል ብለው የተዉልኝ ናቸው። ለሞራ እንደማይሆኑ አውቃለሁ፤ ግን ባዶ እጄን ከምጽፍ ብዬ ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 25 ቀን

ይድረስ ለወንድምዓለም።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ፤ ከዝናብም ከነገርም ይሰውርህ። መነጽሮቹ ሳይሰበሩ ደርሰዋል።

አባባ ዘጠኙንም አንድ በአንድ አደረጓቸው። በአንዱም አያዩም። ግን ሦስተኛውን አድርገው "የዚህኛው ባለቤት ቁጡ ነበር" አሉ። ሰባተኛውን አድርገው ደግሞ ብዙ ቆዩና "ይሄ ደብዳቤ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው" አሉ። እሱን አላወለቁትም። አሁንም አድርገውት መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል፤ ሲተኙ እንኳ የማስወልቃቸው በልመና ነው።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። አንተ ስምንተኛውን እምቢ ስትለኝ ሰባቱን አውርጄ ባንድ ጊዜ አነበብኳቸው፤ ከሰባተኛው መጨረሻ እስከ አንደኛው መጀመሪያ። አንድ ነገር አገኘሁ። በአንደኛው መጽሐፍ ፒያኖ የሚቃኘው ሰው፣ በሁለተኛው ነርሷ፣ በሦስተኛው ድልድይ ጠባቂው፣ እንዲህ እያለ እስከ ሰባተኛው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ከዝናብ የሚገባ አንድ ሰው አለ። ይገባል፣ ልብሱ ይንጠባጠባል፣ መስኮት ዳር ይቆማል። ዝግተኛው ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጠይቃል። በአራተኛው በቀቀኑን እንኳ ጠይቋል። መስኮት ዳር የቆመውን ሰው ግን አንድም ቀን አልጠየቀም። ይቅርታ ብሎት በአጠገቡ ያልፋል እንጂ።

ከፊት የሚያነብ ሰው ይሄን አያስተውለውም፤ ገዳዩን ሲያሳድድ ያልፈዋል። እኔ ግን ገዳዩን አስቀድሜ ስለማውቀው ዓይኔ ሥራ ፈት ነው፤ ሌላ ሌላውን ያያል።

ሃያ ስድስት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ልጻፈው። ያን ሳምንት ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ነበር። አባባ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ፣ አንተ ፎቅ ላይ ጽሑፍ ገልባጭ፣ እኔ ሥራ ፈላጊ። ሐሙስ ዕለት የልብስ ሰፊዋ ፋይል ጠፋ ተባለ። የቤቷ ወረቀት ያለው እሱ ውስጥ ብቻ ነበር። ፋይሉ ባለመገኘቱ ክርክሩን ተረታች፤ የስፌት መኪናዋን አሸክማ ከቤቷ ስትወጣ መንገድ ላይ ቆመን አይተናል። አባባ "ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር" ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ሦስት ወር ሳይሞላ አንተ አገር ጥለህ ሄድክ።

ከዚያ በፊት ማክሰኞ፣ አባባ ቤት ምሳ በልተው ሸለብ አድርጓቸው ሳለ፣ ከቤታችን ማዶ ባለው የመዝገብ ቤቱ የኋላ ደረጃ ስትወርድ አይቼሃለሁ። ካፖርትህ ሥር ያቀፍከው ነገር ነበር። ራስህን ሳይሆን እሱን ነበር ከዝናቡ የምትከልለው። ሐሙስ ነገሩ ሲሰማ የታየኝ ያ ካፖርት ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ያ መስኮት ዳር የሚቆመው ሰው አንተ ነህ። ለምን እንዳደረግከው አልጠይቅህም፤ አልተቀየምኩህምም። አባባ ግን እየደከሙ ነው። በመርማሪ አፍ ሳይሆን በራስህ አፍ ንገራቸው።

እህትህ


የካቲት 30 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ።

ሰላም ላንተ ይሁን። ሁለት ወር አለፈ። ፖስተኛው በራችን ላይ ሲያልፍ አባባ በእግሩ ኮቴ ያውቁታል፤ "አልቆመም" ይላሉ። እኔ ደግሞ "ነገ ይቆም ይሆናል" እላለሁ። ይሄው ነው ጨዋታችን።

አስቀይሜህ ከሆነ ጻፍና ተቆጣኝ። ዝምታህን ግን አልቻልኩትም። አባባ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን አልጋ ላይ ነበሩ፤ አሁን ተነስተዋል። መነጽሩን አድርገዋል።

እህትህ


መጋቢት 21 ቀን

ይድረስ ለእህትዓለም።

አባባን ያነሳ አምላክ ይመስገን። ለቆየሁበት ይቅርታሽን እለምናለሁ። እየጻፍኩ እቀድ ነበር፤ ቅርጫቱ ሲሞላ የክፍሉ አለቃ "መጽሐፉ እንዴት ይዞሃል?" ብሎ ጠየቀኝ።

እህቴ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ።

በሰባቱም መጻሕፍት መስኮት ዳር ያቆምኩት አንቺን ነው። ልብሱ የሚንጠባጠበው ያን ዕለት ያንቺ ፀጉር ስለተንጠባጠበ ነው። ረቡዕ ነበር። እኔ ለምሳ ዘግይቼ ቤት ብቅ ስል አንቺ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ምስማሩ ላይ ስትሰቅዪ ደረስኩ። እጅጌሽ እስከ ክርንሽ የአሮጌ ወረቀት አቧራ ለብሶ ነበር። አየሽኝና "ቤት ሳጸዳ ነው" አልሽ። አንቺ ቤት በምታጸጂበት ቀን ዓለም ያልፋል ብዬ ልቀልድ ነበር፤ ፊትሽን ሳይ ተውኩት። በማግስቱ ፋይሉ ጠፋ።

ልብስ ሰፊዋ ልብስሽን አበላሽታ ተጣልታችሁ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከዚያ ሰው በዚህ ምክንያት ይሄን አያደርግም አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ሰው በስንት ትንሽ ምክንያት ስንት ነገር እንደሚያደርግ ሳስብ ኖርኩ። መጻሕፍቱ የተጻፉት ከዚህ ሐሳብ ነው። ሰዎቼ ሁሉ ውስብስብ ናቸው እያሉ ያደንቁኛል፤ እኔ አንቺን ንጹሕ የሚያደርግ ምክንያት ስፈልግ ነበር የምጽፋቸው።

አገር ጥዬ የሄድኩት ለዚህ ነው። ማንም ሊጠረጥር ቢነሳ፣ የሸሸውን ይጠርጥር ብዬ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እዚህ ስደርስ በርዶኝ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ካፖርቴ ሥር ያየሽው ደብተር ነው። አባባ ሲተኙ ቁልፉን እያነሳሁ፣ የቆዩ የወንጀል መዝገቦች እያነበብኩ እገለብጥ ነበር። አባባ ቢያውቁ ቆዳዬን ይገፉኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት የወጡት ከዚያ ደብተር ነው፤ አሁንም እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ የዚያን ቀን ዝናብ ጠርዙን አሻክሮታል።

አሁን አንቺ ተናገሪ። ምንም ብትዪኝ ምንም አልልሽም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 14 ቀን

ይድረስ ለወንድምዓለም፣ ለዚያ ለማይረባ መርማሪ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ የማረሚያ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሳቅኩ። ማሽን የሚያንቀሳቅሱት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወደ ወረቀት መጋዘኑ ገብቼ ጥቅል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደህና ነኝ፣ አትስጋ።

እኔም ሳነብ ነበር። ያንኑ መዝገብ፣ በዚያው ቁልፍ። ሥራ ፈት ነበርኩ፣ ቀኑ አልገፋ ይለኛል፤ አባባ ሲያንኮራፉ ቁልፉን አንስቼ እሮጣለሁ። የሰው ጉድ፣ የሰው ለቅሶ፣ የምስክር ቃል፤ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳነብ አንድ ሰዓት እንደ አፍታ ያልፍ ነበር። አራሚ የሆንኩት በዚያ ሱስ ነው። አስበው፣ አንተ ማክሰኞ እኔ ረቡዕ፣ ሁለታችንም ያን መደርደሪያ ስንፈትሽ አንድ ቀን ብንገናኝ ኖሮ አብረን እናነብ ነበር። ይልቅ ሃያ ስድስት ዓመት አንዳችን አንዳችንን ሌባ አድርገን በፍቅር ስንሸፍን ኖርን። ልብስ ሰፊዋን ደግሞ በቀሚስ ምክንያት ቤት አሳጣኋት ብለህ ማሰብህ፣ ይሄንን ስትመጣ እንነጋገርበታለን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ብዙ አደረ።

ለአባባ ገና አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው? አንተም አይደለህ፣ እኔም አይደለሁ። ታዲያ ፋይሉን ማን ወሰደው? "ማንም አልወሰደውም" ብላቸው ያጽናናኋቸው ነው የሚመስላቸው።

ሰባት መጽሐፍ የጻፍከው አንተ ነህ። እስኪ አሁን ለእውነት መርምር።

እህትህ


ግንቦት 6 ቀን

ይድረስ ለእህትዓለም።

ሰላምታ አላበዛም፤ አምላክ ይጠብቅሽ፣ እኔን ግን እንቅልፍ ነስተሽኛል። ሳትስቂ በፊት ስሚኝ።

ዝግተኛው አንድ ዘዴ ነው ያለው። ማን ክፉ ነው ብሎ አይጀምርም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ሰው የማይቆጥረውን ሰው ይፈልጋል። ያን ሳምንት መዝገብ ቤቱ የገባውን ጻፍኩ፦ አባባ፣ እኔ፣ አንቺ። ሦስታችንም እርስ በርስ ስንተያይ ሌላውን አላየንም። ግን በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው ነበር። ያለቁ ፋይሎችን ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አንስቶ፣ ወስዶ፣ በክር ሰፍቶ ጥራዝ አድርጎ ይመልሳል። ጠራዡ። ሁላችንም ደህና ዋልክ እንለዋለን፣ ማንም አልጠየቀውም። መስኮት ዳር የቆመ ሰው ስጽፍ ኖሬ፣ እውነተኛውን መስኮት ዳር የቆመ ሰው ረሳሁት።

አንድ ጊዜ በደብዳቤሽ አሁን እናንተ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት እንደሚሠራ ነግረሽኝ ነበር። በሕይወት ካለ ሂጂና ጠይቂው። ይቅርታ ብለሽ ጀምሪ።

ወንድምሽ


ሰኔ 3 ቀን

ይድረስ ለወንድምዓለም።

ደስታም ሐዘንም ይዤ ነው የመጣሁት፤ ልብህን ያዝ አድርገህ አንብብ።

ጠራዡ አለ። አንድ ጆሮው አይሰማም፣ እጁ ግን አሁንም መርፌውን ሳያይ ይሰካል። ይቅርታ ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለቴ አስደገመኝ። "እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነው የምሰፋው እህቴ" አለኝ። "አንብብ የሚል ደመወዝ አልነበረኝም።" ግን በጠረዘው ሁሉ የኋላ ሽፋን ውስጥ፣ ጥጉ ላይ፣ ቀኑን በእርሳስ እንደሚጽፍ ነገረኝ። ወደ መዝገብ ቤቱ ሄድኩ። አሁን ኃላፊ የሆነችው ሴት በአባባ ጊዜ ፖስታ ታደርስ ነበር፤ ስማቸውን ስጠራ በሩን ከፈተችልኝ።

የዚያ ሳምንት ጥራዞች አራት ናቸው። ያኔ ሲፈለግ ስንት ሰው እንዳገላበጣቸው አስብ፤ ሁሉም ከፊት፣ ማውጫውን እያየ። እኔ ሌላ አላውቅም፣ ከኋላ ከፈትኩ። ሦስተኛው ጥራዝ መጨረሻ ላይ ፊደሉ ተዘቅዝቆ ታየኝ። ገልብጬ ያዝኩት። የልብስ ሰፊዋ ፋይል ነው። ሙሉውን ተገልብጦ ከሌላ ሰው መዝገብ ጭራ ጋር ተሰፍቷል። የቤቷ ወረቀት አለ፤ ማኅተሙ አለ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ያኔ እቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ።

ለአባባ ነገርኳቸው። ስለ አንተ ደብተር፣ ስለ እኔ አቧራ፣ ስለ ጠራዡ፣ ሁሉንም። አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። መነጽሩን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያ "መስኮቱ ያስገባ ነበር" አሉ። "ምን?" አልኳቸው። "ያን ዕለት ዝናቡ በመስኮቱ ይገባ ነበር። የእሷን ፋይል እያየሁ ነበር። ቀለሙ እንዳይፈስ ደፋሁትና ጠራዡ ከሚወስደው ክምር ሥር አስገባሁት። ከዚያ ለምሳ ወጣሁ፤ ስመለስ ረሳሁት።" ደግመው "እኔ ነኝ" አሉ። በጣም ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

ታዲያ ያኔ ለምን ለቀቁ አልኳቸው። ቁልፉን ሁልጊዜ ጥርሱን ወደ ግድግዳ አድርገው ነበር የሚሰቅሉት። ያን ሳምንት ሁለት ቀን ጥርሱ ወደ ውጭ ዞሮ አገኙት። ከቤት ሰው አንስቶታል፤ ቤት ያለነው ሁለታችን ነን። "ማንኛችሁ እንደሆናችሁ ላውቅ አልፈለግኩም። ከጠየቅሁ መልስ ይመጣል" አሉኝ። ስለዚህ እሳቸው ለቀቁ።

በማግስቱ ፋይሉን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወሰድኳቸው። ከሰፈራችን ሁለት ጎዳና አልፎ፣ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ትሠራለች፤ ፀጉሯ ነጥቷል። አባባ የሆነውን ሁሉ ቆመው ነግረው ጨረሱ፤ ተቀመጡ ብትላቸው እምቢ አሉ። ሰምታ ሰምታ "እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እርስዎን ሳማ ኖሬያለሁ። ለካ ትክክል ነበርኩ" አለች። አባባ "ትክክል ነበርሽ" አሉ። ከዚያ ወረቀቷን ተቀብላ ደረቷ ላይ ይዛ ብዙ ቆየች። ጠበቃ መዝገቡ ሊንቀሳቀስ ይችላል ብሏል፤ ቤቱ ይመለስ አይመለስ አናውቅም። ልንወጣ ስንል "ቆዩ" አለቻቸው። የኮታቸው አዝራር በክር ተንጠልጥሎ ኖሯል። ሳታስወልቃቸው፣ እዚያው እንደቆሙ ሰፋችላቸው። አባባ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙላት።

ታክሲ ውስጥ አዝራሩን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። ቤታችን ስንደርስ ግን እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦ "በየቀኑ ስነሳ ከሁለታችሁ አንዱን ይቅር እል ነበር። የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ሁለታችሁንም። ሃያ ስድስት ዓመት። ታዲያ ማንን ነው ይቅር ስል የኖርኩት? ያ ሁሉ ይቅርታ የት ሄደ?"

ደግፌ ወደ ወንበራቸው ወሰድኳቸው። አሁን ስምንተኛውን አይጠይቁም፤ ይሄንን ነው የሚጠይቁት። መብል ቀንሰዋል። መልስ ካለህ ጻፍ።

እህትህ


ሰኔ 28 ቀን

ይድረስ ለእህትዓለም፤ ይሄን ግን ለአባባ አንብቢላቸው። ከፊት ጀምረሽ።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? የልብዎ ምት ይስተካከል፣ አዝራሩ ይጥበቅ፣ እኔን ለማየት የሚበቃ ዕድሜ ይጨምርልዎ።

እህቴ ጥያቄዎን ጻፈችልኝ። እኔ መርማሪ አይደለሁም፣ ሰባት መጽሐፍ ጽፌ አንዱን ነገር እንኳ አላወቅሁም። የጠፋ ዕቃ ግን አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። እርስዎ የሚሉት ይቅርታ ባለቤቱ ያልመጣለት ዕቃ ነው። በእኛ ደንብ ይሄ ዕቃ አይጣልም፤ ምልክቱን የሚናገር ሰው እስኪመጣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ዕቃው የእኔ ነው። ምልክቱን ልናገር።

አንደኛው ምልክት፣ ያለፈቃድ ቁልፍዎን አንስቻለሁ፣ ጥርሱንም ወደ ውጭ አዙሬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው፣ እህቴን ሃያ ስድስት ዓመት ጠርጥሬአታለሁ፤ እየወደድኳትም ጠርጥሬአታለሁ፣ ይሄ ደግሞ ይብሳል። ሦስተኛው፣ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ የሚያበቃውን ነገር ሳልጠይቅ ጥዬዎት ሄድኩ፤ ዓይንዎ ሲደክም የሚያነብልዎ እኔ አልነበርኩም። በየቀኑ ሲነሱ ይቅር ያሉት ሰው ይሄ ነው። አልባከነም አባባ፤ ባለቤቱ ዘገየ እንጂ። እህቴ ደግሞ የራሷን ድርሻ ራሷ ትጠይቅ፤ እጅጌዋ አቧራ እንደነበር አልረሳሁም።

ስምንተኛው መጽሐፍ አልቋል። ዝግተኛው አንኳኳ፤ በሩ መጀመሪያም አልተቆለፈም ነበር። በእጄ ይዤው ነው የምመጣው፣ እህቴ ያላረመችው ነውና ስሕተቱን ይታገሱኝ። ባቡሬ ሐምሌ 20 ቀን ከምሳ በኋላ ይደርሳል። ያኔ ሸለብ ቢያደርግዎት እህቴ እንዳትቀሰቅስዎ አደራ ብያለሁ፤ ወንበርዎ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

እንዳልኩት፣ በፖስታ አይላክም። ራሴ መጥቼ እቀበላለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ።

ልጅዎ